«መጻፍ አልተቻለም» ሲለን፦ የቤት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ሲያስቸግር ከየት እንጀምር?



ባለፈው የሴሚስተር ዕረፍት ማግስት አንዲት የአራተኛ ዓመት እህታችን የቤታቸውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በፎጣ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው። ለጥናቷ ከአባቶችና ከእናቶች በድምፅ የቀዳቻቸው 14 ቃለ መጠይቆችም እዚያው ናቸው። ቤት ሳለች ጽሑፏን ሴቭ ልታደርግ ስትል ኮምፒውተሩ ወደ ዲስኩ መጻፍ እንዳልቻለ ይነግራታል፤ ደግማ ስትሞክር ይቀበላታል፤ በማግስቱ ደግሞ እምቢ ይላታል። እኛም «ኮምፒውተር እናውቃለን» ባዮች ነንና ዲስኩን ከአንድ ወንድማችን ኮምፒውተር ጋር አገናኝተን፣ የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ከፍተን፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲፈትሽ ትተነው ተኛን። ለሱብሒ ስንነሳ ዲስኩ ጭራሽ አይታይም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን። ያን ቀን የሠራነው ስሕተት የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም፤ የቅደም ተከተል ስሕተት ነበር። መጨረሻ ላይ መደረግ ያለበትን መጀመሪያ ላይ አደረግነው። ስለዚህ በዚህ እትም ትምህርታችን ዲስክ «አልጽፍም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ፣ ምን ቀድሞ ምን መከተል እንዳለበት ደረጃ በደረጃ እናያለን። እህታችንም ታሪኳ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ፈቅዳልናለች፤ ጀዛሃላሁ ኸይር።

ዲስኩ ሲጽፍ ውስጡ ምን ይካሄዳል?

በሃርድ ዲስክ ውስጥ መግነጢሳዊ ቅብ ያላቸው ክብ ሳህኖች አሉ። በቤት ኮምፒውተሮች ላይ በብዛት የምናገኛቸው ዲስኮች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በሳህኑ ላይ በክንድ ጫፍ የተያዘ «ሄድ» የሚባል እጅግ ትንሽ ክፍል ያንዣብባል። የሚጽፈውም የሚያነበውም እሱ ነው። ሄዱ ሳህኑን አይነካውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን በናኖሜትር የሚለካ፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ያነሰ ነው። ዲስክ እየሠራ ሳለ መውደቅና መንገጫገጭ ክፉኛ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ሳህኑ «ሴክተር» በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ ነው። በቆዩት ዲስኮች አንድ ሴክተር 512 ባይት፣ በአዳዲሶቹ 4,096 ባይት ይይዛል። ከእያንዳንዱ ሴክተር ጋር ስሕተትን ለመለየትና ለማረም የሚያገለግል ተጨማሪ መረጃ አብሮ ይጻፋል። ዲስኩ ሲያነብ የተጻፈው ነገር ከዚህ ጋር ካልገጠመ ለማረም ይሞክራል። ማረም ካቃተው ያንን ሴክተር «አጠራጣሪ» ብሎ ይመዘግበዋል። በሌላ ጊዜ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍ ዲስኩ ቦታውን ይፈትነዋል። ደህና ከሆነ መልሶ ይጠቀምበታል፤ ካልሆነ ለዚሁ ተብለው ከተቀመጡት መጠባበቂያ ሴክተሮች አንዱን በቦታው ይተካል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እኛ ሳናውቅ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ዲስክ ትንንሽ ችግሮቹን በራሱ ስለሚሸፍን፣ ስሕተቱ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ካለፈ ነገሩን ችላ ማለት አይገባም። ሁለተኛ፣ አንድ ሁለት የተበላሸ ሴክተር በሚጻፍበት ጊዜ በመጠባበቂያ ስለሚተካ፣ «መጻፍ አልተቻለም» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ምንጩ ከሳህኑ ውጪ ነው፤ ገመድ፣ ኃይል፣ የቦታ ማነስ፣ ፈቃድ፣ ወይም የፋይል ሲስተም መዛባት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ካልሆነ ደግሞ ዲስኩ በእርግጥ እየሞተ ሊሆን ይችላል። አንዱ በደቂቃ ይፈታል፤ ሌላው የዓመታት ሥራ ያጠፋል። የምርመራው ሁሉ ዓላማ ሁለቱን መለየት ነው።

ደረጃ 1፦ ከምርመራ በፊት ማትረፍ

ዲስኩ አሁንም የሚነበብ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ምንም ነገር መጠገን አይደለም። የማይተካውን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ማንኛውም ፍተሻ ዲስኩን ያሠራዋል፤ በመሞት ላይ ያለ ዲስክ ደግሞ የቀረችው አቅም ምን ያህል እንደሆነች አይታወቅም። ያችን አቅም በፍተሻ ላይ ሳይሆን በማትረፍ ላይ እናውላት።

ሲገለበጥም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የራሳችን የእጅ ሥራ የሆነው፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ማስታወሻ፣ የጥናት መረጃ፣ የቤተሰብ ፎቶ። ቀጥሎ ለማግኘት የሚያስቸግረው። ፊልም፣ ጌምና ሶፍትዌር መጨረሻ ላይ፤ ባይተርፉም እንደገና ይገኛሉ። ሙሉውን ዲስክ በአንድ ጊዜ መርጦ ኮፒ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ዊንዶውስ አንድ የማይነበብ ፊልም ላይ ተጣብቆ ሲታገል ጽሑፉ ወረፋ ይጠብቃል። 2 ጊጋባይት የሚሆን ሥራ በሴኮንድ 20 ሜጋባይት በሚጽፍ ተራ ፍላሽ ላይ ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይገለበጣል፤ ትንንሽ ፋይሎች ሲበዙ ጥቂት ይረዝማል። ያችን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያቃተን እኛ ነን።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ዲስኩ የ«ቀጭ ቀጭ» ወይም የመፋቅ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ለመገልበጥም አትሞክሩ፤ ወዲያውኑ አጥፉት። ይህ የሄዱ ወይም የሳህኑ ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። በበራ ቁጥር ጉዳቱ ይሰፋል።

ደረጃ 2፦ መልእክቱን በትክክል ማንበብ

ብዙዎቻችን የስሕተት መልእክት ሲመጣ ሳናነብ «ኦኬ» እንለዋለን። መልእክቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው። የሚከተሉት አራቱ የዲስክ ብልሽት ሳይሆኑ መጻፍን የሚከለክሉ ናቸው።

የመጀመሪያው የቦታ ማለቅ ነው። የሲ ድራይቭ ቀይ ሆኖ ከታየ ዊንዶውስ ራሱ ለጊዜያዊ ፋይሎቹ ቦታ ያጣል፤ ጽሑፋችንን የሚያስቀምጠው ፕሮግራምም ይደናገራል። የማያስፈልገውን ማጥፋት ይበቃል።

ሁለተኛው የፋይል መጠን ገደብ ነው። ፋት 32 በተባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ 4 ጊጋባይት የሚደርስ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታው 100 ጊጋባይት ቢሆንም እንኳ። ረጅም የቪዲዮ ትምህርት ስንገለብጥ ፋይሉ ለመድረሻው ትልቅ ነው ካለን ነገሩ ይኸው ነው። መረጃውን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ዲስኩን በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ መፍትሔው ነው።

ሦስተኛው የመጻፍ መቆለፊያ ነው። የካሜራ ሚሞሪ ካርዶች ጎናቸው ላይ ትንሽ መቆለፊያ አላቸው፤ ሳናውቀው ወደታች ሊወርድ ይችላል።

አራተኛው ፈቃድ ነው። ዲስኩ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ከሆነ ፎልደሮቹ የቀድሞው ተጠቃሚ ስም ሊኖርባቸው ይችላል። የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስም «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል መከላከያ አለው፤ ይህ ከተከፈተ ያላወቃቸው ፕሮግራሞች ወደ ዶክመንትስና ወደ ዴስክቶፕ እንዳይጽፉ ያግዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ፕሮግራም ሴቭ ማድረግ እምቢ ሲል በሌላው ይሠራል፤ በአንድ ፎልደር ሲከለከል በሌላው ይፈቀዳል። ዲስክ ሲበላሽ ግን እንዲህ አይመርጥም።

ደረጃ 3፦ ገመድና ኃይል

ስሕተቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ከሆነ፣ ወይም ዲስኩ በሥራ መሀል ጠፍቶ ተመልሶ የሚታይ ከሆነ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ገመድን ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ከሶኬት ከነቀልን በኋላ ሽፋኑን እንክፈት። ከዲስኩ የሚወጡ ሁለት ገመዶች አሉ፦ ቀጭኑ የመረጃ፣ ሰፊው የኃይል። ሁለቱንም ነቅለን አቧራውን ጠርገን መልሰን በደንብ እንሰካቸው። የመረጃውን ገመድ በሌላ ደህና ገመድ መቀየር፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ መሰኪያ መሞከር ቀጣዩ ነው። ገመዱ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ስንት ደህና ዲስክ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለው ግን በእሱ ጥፋት ነው።

በዩኤስቢ ለሚሰካ ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ ኃይል ትልቅ ጉዳይ ነው። የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ነው። ዲስክ ሞተሩን ሲያስነሳ ከመደበኛው የበለጠ ስለሚስብ፣ በረጅም ወይም በቀጭን ገመድ፣ ወይም አንዱን መሰኪያ ለብዙ በሚያካፍል ዩኤስቢ ሃብ ላይ ከተሰካ ኃይሉ አይበቃውም። ይነሳል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል። በአጭር ገመድ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል ባለው መሰኪያ ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር። ገመዱንም መሰኪያውንም ኮምፒውተሩንም በአንዴ ቀይረን ቢሠራ ጥፋተኛው ማን እንደነበር አናውቅም። ደህናውን ገመድ ጥለን የታመመውን መሰኪያ ይዘን እንቀራለን።

ደረጃ 4፦ የዲስኩን የጤና መዝገብ ማንበብ

እያንዳንዱ ዘመናዊ ዲስክ ስለ ራሱ መዝገብ ይይዛል፤ «ስማርት» ይባላል። በዊንዶውስ ላይ ለማንበብ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። መዝገቡን ማንበብ ዲስኩን አያደክምም፤ ስለዚህ ከማንኛውም ረጅም ፍተሻ በፊት መምጣት ያለበት ይህ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ብዙ መስመር አለ፤ ለእኛ አራቱ ይበቁናል።

መስመር 5፦ በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው። ዜሮ ቢሆን መልካም። ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ሊቆይ ይችላል። ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚያድግ ከሆነ ግን መሸኛው ደርሷል።

መስመር 197፦ አጠራጣሪ ተብለው የተመዘገቡና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ናቸው። ከዜሮ በላይ ከሆነ በዚያ ልክ የማይነበብ ቦታ አለ ማለት ነው።

መስመር 198፦ ዲስኩ ራሱን ሲፈትሽ ማንበብ ያቃተው ቦታ ብዛት ነው።

መስመር 199፦ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል መረጃ ሲያልፍ የተበላሸበት ጊዜ ብዛት ነው። ይህ ብቻውን እየጨመረ ሌሎቹ ሦስቱ ዜሮ ከሆኑ ጥፋተኛው በአብዛኛው ገመዱ ወይም መሰኪያው ነው። ቁጥሩ ገመዱ ከተቀየረ በኋላም ወደ ኋላ አይመለስም፤ መጨመሩን ማቆሙ ነው የመዳን ምልክቱ።

ፕሮግራሙ እነዚህን ቁጥሮች ሲያሳይ በተለምዶ በ16 መሠረት ባለው አቆጣጠር ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ «10» ብሎ ካያችሁት በእኛ አቆጣጠር 16 ነው። ከሜኑው ውስጥ ወደ ተለመደው አቆጣጠር መቀየር ይቻላል። አንዳንድ የኤክስተርናል ዲስክ ማቀፊያዎች ደግሞ መዝገቡን አያሳልፉም፤ ያን ጊዜ ዲስኩን አውጥቶ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል።

ዊንዶውስም የራሱ ማስታወሻ አለው። «ኢቨንት ቪወር» የሚለውን ከፍተን በዊንዶውስ ሎግስ ሥር «ሲስተም» የሚለውን ስናይ፣ ምንጩ «ዲስክ» የሆነ ቁጥር 7 የተበላሸ ቦታ መገኘቱን፣ ቁጥር 153 አንድ የማንበብ ወይም የመጻፍ ትእዛዝ እንደገና መሞከሩን ይነግረናል። ምንጩ «ኤንቲኤፍኤስ» የሆነ ቁጥር 55 ደግሞ የፋይል ሲስተሙ አወቃቀር መዛባቱን ያመለክታል። ችግሩ መቼ እንደጀመረ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። መብራት በጠፋ ማግስት ነው? ኮምፒውተሩ ከክፍል ክፍል ከተዛወረ በኋላ ነው? ቀኑን እያያችሁ አስታውሱ።

ደረጃ 5፦ የፋይል ሲስተም ጥገና፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ

ፋይል ሲስተም ማለት የትኛው ፋይል በየትኛው ሴክተር እንዳለ የሚያሳይ ማውጫ ነው። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በሉት፤ መጻሕፍቱ በየመደርደሪያቸው ደህና ሆነው ካታሎጉ ቢቀደድ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። መብራት በድንገት ሲጠፋ በጽሑፍ ላይ የነበረው ማውጫ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ኤንቲኤፍኤስ ይህን ለመከላከል የለውጥ መዝገብ ይይዛል፤ የሚጠብቀው ግን የራሱን ማውጫ እንጂ በፋይሉ ውስጥ ያለውን የእኛን ጽሑፍ አይደለም።

መረጃው ከተረፈና የስማርት መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ አሁን መጠገን ይቻላል። ዲስኩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገን፣ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ቱልስ፣ ቀጥሎ ቼክ የሚለውን እንጫናለን። በትእዛዝ መስኮት ለሚሠሩ ደግሞ «ቼክ ዲስክ» የሚባለው ትእዛዝ ሁለት ዋና አማራጮች አሉት። በኤፍ ፊደል የሚጠራው ማውጫውን ብቻ ያርማል፤ ቶሎ ያልቃል። በአር ፊደል የሚጠራው ግን ማውጫውን አርሞ አይቆምም፤ ዲስኩን ከጫፍ ጫፍ እያነበበ የተበላሸ ቦታ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በታመመ ዲስክ ላይ ይህን ማስጀመር የታመመን ሰው ሩጫ ማስሮጥ ነው። እኛ በዚያች ሌሊት ያስጀመርነው ይህንን ነበር።

መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ፣ ገመዱ ተቀይሮ፣ ፋይል ሲስተሙ ታርሞ ፋይሎች አሁንም እየተበላሹ የሚጻፉ ከሆነስ? ያን ጊዜ ራሙን እንጠርጥር። ማንኛውም ፋይል ወደ ዲስክ ከመሄዱ በፊት በራም ያልፋል። ዊንዶውስ ውስጥ «ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» የሚባል መፈተሻ አለ፤ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ይመረምራል።

ዲስኩ እየሞተ ከሆነ

መስመር 5 ወይም 197 እያደገ ከሆነ ዲስኩን የማዳን ጉዳይ አብቅቷል፤ የቀረው መረጃውን ማዳን ነው። ተራ ኮፒ በማይነበብ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ለዚህ የተሠራ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ «ዲዲ ረስኪው» የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ ያስቸገረውን እየዘለለ በካርታ ፋይል ይመዘግባል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ዘለላቸው ተመልሶ ይታገላል። መሀል ላይ ቢቋረጥ ከካርታው አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። ኡቡንቱ በፍላሽ አስነስቶ መጠቀም ይቻላል። መቀበያው ዲስክ ከታመመው እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። የትኛው ምንጭ የትኛው መቀበያ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ሳታረጋግጡ አትጀምሩ፤ ከተገለበጠ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ትጽፋላችሁ።

የሚከተሉትን ደግሞ በምንም ምክንያት አታድርጉ።

ዊንዶውስ «ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት አድርግ» ቢላችሁ እሺ አትበሉት። ይህ ጥያቄ ማውጫውን ማንበብ አቃተኝ ማለቱ ነው እንጂ መረጃው የለም ማለቱ አይደለም።

የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ሶፍትዌር እዚያው የታመመው ዲስክ ላይ አትጫኑ፤ የተገኘውንም እዚያው አታስቀምጡ። በምትፈልጉት ፋይል ላይ ልትጽፉበት ትችላላችሁ።

ዲስኩን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የሚባል የቆየ ምክር አለ። ሲወጣ የሚፈጠረው እርጥበት ውስጡን ያበላሻል። ሽፋኑን ፈትቶ ማየትም እንዲሁ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከሄዱና ከሳህኑ ክፍተት ትበልጣለች።

መረጃው ከወጣ በኋላ ዲስኩን መፈተን ከፈለግን «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስተን ሙሉ ፎርማት እናድርገው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት በዲስኩ ሁሉ ላይ ዜሮ ይጽፋል፤ ስለዚህ አጠራጣሪ ሴክተሮች ሁሉ ውሳኔ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ መስመር 197 ዜሮ ከሆነና መስመር 5 ካላደገ ለፊልምና ለመሳሰለው ሊያገለግል ይችላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ዳግም አይታመንም።

ስለ ኤስኤስዲና ስለ ፍላሽ

በኤስኤስዲና በፍላሽ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ስለዚህ በድምፅ አያስጠነቅቁም። መጻፊያ ሴሎቻቸው በተጻፈባቸው ቁጥር ይደክማሉ። አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ሲያልቅ ማንበብ ብቻ እንጂ መጻፍ ወደማይቻልበት ሁኔታ ይገባሉ፤ ፎርማት ቢደረጉም ይዘታቸው አይለወጥም። እንዲህ ያለ ፍላሽ ካጋጠማችሁ ያለውን ገልብጡና ጣሉት፤ ሊጠገን አይችልም። በገበያ ላይ ደግሞ ትልቅ መጠን ተጽፎባቸው እውነተኛ አቅማቸው ትንሽ የሆነ ሐሰተኛ ፍላሾች አሉ። እስከ አቅማቸው ድረስ ደህና ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ይበላሻል። አዲስ ፍላሽ ስትገዙ አምናችሁ ሥራችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ሞልታችሁ ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቷቸው።

እንዳይደርስብን ምን እናድርግ?

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ዴስክቶፕን ያለ ዩፒኤስ መጠቀም በየቀኑ ዕድልን መፈተን ነው። ዩፒኤስ የሚያስፈልገን ሰዓታት ለመሥራት አይደለም፤ ሴቭ አድርገን በሥርዓቱ ለማጥፋት አምስት ደቂቃ ይበቃናል። ዩፒኤስ ለሌለው፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ አንድ መከላከያ ነው። ፍላሽና ኤክስተርናል ዲስክ ከመንቀላችን በፊት «ሴፍሊ ሪሙቭ» ማለትን ልማድ እናድርግ፤ ኮፒው አልቋል ቢልም ያልተጻፈ ነገር በጊዜያዊ ማቆያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን ቅጂ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለአንድ ተማሪ ይህ ከባድ አይደለም፦ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ በኢሜይል ወይም በጉግል ድራይቭ። የመመረቂያ ጽሑፍን በየሳምንቱ ለራስ በኢሜይል መላክ እንኳ ብዙ ያድናል። ቅጂውን ደግሞ አልፎ አልፎ ከፍታችሁ እዩት፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ለምንጠግነው ወገኖች። የሰው ዲስክ እጃችን ሲገባ የሰው ምስጢር እጃችን ገባ ማለት ነው፤ አማና ነው። ፎቶውን አንከፍትም፣ መልእክቱን አናነብም፤ ለማትረፍ የገለበጥነውን ባለቤቱ ከተረከበ በኋላ ከእኛ ኮምፒውተር እናጠፋለን። ዲስኩን የሚሸጥ ወይም ለሌላ የሚሰጥም ፈጣኑ ፎርማት መረጃውን እንደማያጠፋ ይወቅ፤ ሙሉውን ያድርግ።

ራሳችንን እንፈትሽ

1. መስመር 199 ላይ 240 ተመዝግቧል፤ 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ናቸው። ምን እናድርግ? የመረጃ ገመዱን ቀይረን ቁጥሩ መጨመሩን ማቆሙን እንከታተል።

2. ኤክስተርናል ዲስክ 6 ጊጋባይት ቪዲዮ አልቀበል አለ፤ ትንንሽ ፋይል ግን ይቀበላል። ችግሩ ምንድን ነው? ፎርማቱ ፋት 32 ሳይሆን አይቀርም።

3. መስመር 197 ትናንት 8 ነበር፤ ዛሬ 40 ሆኗል። የዲስክ ፍተሻ እናስጀምር? አይሆንም። የማይተካውን እንገልብጥ፤ ከዚያ ዲስኩን እንተካ።

የእህታችን ነገር

ዲስኩ ከጠፋብን በኋላ ነቅለን ለአንድ ቀን አሳረፍነው። በማግስቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስንሰካው ታየ። በዚህ ጊዜ መዝገቡን አየን፤ መስመር 197 ላይ ከ300 በላይ ነበር። አንድ ቀን ቀድመን አይተነው ቢሆን ያንን ፍተሻ ባላስጀመርን ነበር። ጽሑፏን አስቀድመን ገለበጥን፤ አልሐምዱሊላህ ሙሉው ተረፈ። ከ14ቱ ቃለ መጠይቆች 9ኙ ወጡ፤ አሥረኛው ላይ ዲስኩ ዳግም ላይመለስ ጠፋ።

ከቀሩት 5 ውስጥ 3ቱን በጽሑፍ እንድትገለብጥላት ለጓደኛዋ በቴሌግራም ልካላት ስለነበር እዚያ ተገኙ። አንደኛዋን እናት ሄዳ እንደገና አነጋገረቻቸው። አምስተኛው አባት ግን በመካከሉ ወደ አኼራ ሄደዋል። የእርሳቸው ድምፅ የለም፤ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በእጇ የያዘችው ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለው። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ይቅር ብላናለች። እኛ ግን እስከ ዛሬ ዲስክ ይዞ የሚመጣ ሰው በር ሲያንኳኳ የምንጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ተለውጧል። «ምን ይላል?» አንልም። «የማይተካው የትኛው ነው? ሌላ ቦታስ አለ?» እንላለን።

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱና ያንን አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ለነገ አታሳድሩት። የቤት ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።